ኦስቲዮካልሲን

ኦስቲዮካልሲን አጥንት ገንቢ ሕዋሳት የሚያመነጩት ትንሽ ፕሮቲን ሲሆን በሰው ላይ 49 አሚኖ አሲዶች አሉት። አብዛኛው በአጥንት ውስጥ ይቀራል፤ ጥቂቱ ወደ ደም ይገባል። በደም የሚዘዋወረው የስኳርን አጠቃቀምና የወንድን የመውለድ አቅም የሚያግዝ ሆርሞን እንደሆነ የሚናገሩ ጥናቶች አሉ፤ ጉዳዩ ግን ገና ያከራክራል።

አሠራሩ
ፕሮቲኑ ከካልሲየም ጋር የሚጣበቀው በቫይታሚን ኬ እርዳታ ሦስት ቦታዎቹ ላይ ካርቦክሲል የተባለ ኬሚካላዊ ክፍል ሲጨመርበት ነው። ያረጀ አጥንት ሲፈርስ የሚፈጠረው አሲድ ከዚህ ጭማሪ የተወሰነውን ያነሣል፤ ፕሮቲኑም ተላቅቆ ወደ ደም ይሄዳል። እንደ ሆርሞን ይሠራል የሚባለው ይህ ዓይነቱ ነው።

የምርምር ታሪክ
ፕሮቲኑ የታወቀው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። በ2007 በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጄራርድ ካርሰንቲ ቡድን ኦስቲዮካልሲን የሌላቸው አይጦች ስብ እንደሚያበዙ፣ ቆሽታቸውም ኢንሱሊን በበቂ እንደማያመነጭ አሳየ። በ2011 ደግሞ ወንዶቹ አይጦች ቴስቶስትሮናቸው እንደሚያንስና ጥቂት ግልገል እንደሚወልዱ ዘገበ፤ የሴቶቹ መውለድ ግን አልተጓደለም። እንደ ቡድኑ ማብራሪያ ሆርሞኑ በዘር ፍሬ ውስጥ ቴስቶስትሮን የሚሠሩትን የላይዲግ ሕዋሳት የሚያነቃቃው ጂፒአርሲ6ኤ በተባለ ተቀባይ በኩል ነው። በ2013 የዘር ፍሬያቸው በተዳከመ ሁለት ወንዶች ላይ በዚሁ ተቀባይ ዘረመል የተፈጠረ ለውጥ ተገኘ።

በ2020 ግን አንድ የአሜሪካና አንድ የጃፓን ቡድን በየራሳቸው ያዘጋጇቸው ኦስቲዮካልሲን አልባ አይጦች የስኳር መዛባትም ሆነ የመራባት ችግር አላሳዩም። የውጤቶቹ ልዩነት ምክንያት አልተቋጨም።

ለምዕራብ ጎጃም ያለው ትርጉም
በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ለአጥንት የሚበጀው ሁሉ ሩቅ አይደለም፦ ከጓሮ የሚቀጠፈው ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው፤ እርሻ፣ አረምና ሸክምም አጥንትን ያሠራሉ። የአካል እንቅስቃሴ በደም ያለውን ኦስቲዮካልሲን ለጊዜው እንደሚጨምር በሰው ላይ ታይቷል። ሆኖም ጎመን መብላት ወይም ማረስ የወንድን የመውለድ ችግር እንደሚፈታ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። በሕክምና ኦስቲዮካልሲን የሚለካው በዋናነት አጥንት ምን ያህል እየተገነባ እንደሆነ ለማወቅ ነው፤ የመካንነት መድኃኒት ሆኖ አልጸደቀም።

ከዚህ ክርክር ውጭ የተረጋገጠ አንድ ነገር አለ፦ ልጅ ሳይወለድ ከሚቆይባቸው ትዳሮች ወደ ግማሽ በሚጠጉት የባል ጤና ድርሻ አለው። ስለዚህ ልጅ ሲዘገይ ሚስትን ብቻ መውቀስ፣ ከዚያም አልፎ ትዳር ማፍረስ ሐቅን የሳተ በደል ነው። ባልና ሚስት አብረው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ባልም የዘር ፈሳሽ ምርመራ፣ ካስፈለገም የቴስቶስትሮንና የስኳር ምርመራ ያድርግ።