የ1960ው ግብር እና ያልተነካው ባለመሬት

«ሀብታም ላይ ግብር ሲበዛ አገር ይጎዳል» የሚለውን ክርክር ተማሪዎቼ ደጋግመው ያነሡብኛል። የታሪክ አስተማሪ ነኝና መልሴን ከ1960 ዓ.ም. ልጀምር። አያቴ አርሲ ውስጥ ጭሰኛ ስለነበሩ ነገሩ ለእኔ የመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

በዚያ ዓመት የንጉሡ መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅን አወጣ። ከዚያ በፊት አሥራት ነበር። ባለመሬቱ ከጭሰኛው ላይ የምርቱን አንድ አሥረኛ በእህል ይሰበስባል፣ ለመንግሥት ግን በጋሻ የተቆረጠችውን ጥቂት ብር ብቻ ይከፍላል። ልዩነቱ ለኪሱ! አዲሱ አዋጅ አሥራትን ሽሮ ብዙ ያገኘ ብዙ ይክፈል አለ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እከራከርለታለሁ።

ግን አዋጁ በማን እጅ አለፈ? ለሕግ መምሪያው ምክር ቤት ለመወዳደር ንብረት ያስፈልጋል፤ የሕግ መወሰኛውን አባላት የሚሾሙት ንጉሡ ናቸው። ባለመሬቶቹ በራሳቸው ላይ የሚጣለውን ግብር ራሳቸው መከሩበት፣ አላሉትም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ደግሞ ባለመሬቱ እስከ ሦስት አራተኛ ምርት እንዲወስድ ይፈቅድ ስለነበር ግብሩን ወደ ጭሰኛው ማዞር አይከብደውም። ጭሰኛውን ይጠብቃል የተባለው ረቂቅ አብዮቱ እስኪፈነዳ ድረስ ፓርላማ ውስጥ ተኝቶ ቀረ።

ጎጃም ሌላ ነው። እዚያ የሚበዛው ባለርስት ገበሬ እንጂ ጭሰኛ አይደለም። ገማቾች መጡ ሲባል ገበሬው የሰማው «መሬትህ ሊለካ፣ ርስትህ ሊወሰድ ነው» የሚል ነበር። አመፀ። ጦር ተላከ፣ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሣ፣ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ።

ይህን ጠቅሰው «አያችሁ፣ ግብር አመፅ ያመጣል» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ጎጃም ላይ የሞተው ገበሬ ሀብታም አልነበረም። በደቡብ ብዙ ጋሻ የያዙት፣ ግብሩ የታሰበላቸው ሰዎች፣ ጥይትም ገማችም ሳያስቸግራቸው ከርመዋል። እኛ ስደተኞች «አገር ሲረጋጋ እንዲህ ያለ ሕግ እናወጣለን» እያልን ስናወራ የግብሩን መጠን ብቻ እናነሣለን፤ ማን ይገምታል፣ ማን ላይ ይዞራል የሚለውን እንዘለዋለን።

የባለመሬቱ ዕድሜም አልረዘመም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ ያለ ካሣ ተወረሰ፤ አያቴ ለባለመሬቱ የነበረባቸው ኪራይና ዕዳም በዚያው አዋጅ ቀረ።