ስውር ደዌና አገልጋይ ውሻ፦ ሕግ የሚጠይቀውና የማይጠይቀው

ዓይነ ስውርን በትሩ፣ እግሩ የተጎዳውን ምርኩዙ ይመሰክርለታል፤ የስኳር ደዌ ያለበት፣ የሚጥል በሽታ የሚይዘው፣ ወይም ከጦር ሜዳ አካሉ ሳይጎድል ተመልሶ ልቡናው እዚያው የቀረ ወታደር ግን ላየው ሁሉ ጤነኛ መስሎ ስለሚታይ ምስክር የለውም፤ ስለዚህም ደዌውን ከመሸከሙ በላይ የደዌውን እውነተኛነት ማስረዳት ሁለተኛ ሸክም ሆኖ ይጫነዋል። አገልጋይ ውሻ የመጀመሪያውን ሸክም ያቀልለታል፤ ሁለተኛውን ግን አንዳንድ ጊዜ ያከብድበታል፤ እዚህ የምንመረምረውም የአሜሪካ ሕግ ይህን እንዴት እንደ ፈታው ነው።

መንገዱን የጠረጉት ዓይነ ስውራን ናቸው። የቴነሲው ወጣት ሞሪስ ፍራንክ በ1928 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ስዊዘርላንድ ተሻግሮ ከውሻ አሠልጣኟ ከዶሮቲ ዩስቲስ ዘንድ በዲ ከተባለች ውሻ ጋር ከሠለጠነ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት በናሽቪል ከተማ «ዘ ሲይንግ አይ» የተባለው ትምህርት ቤት ተመሠረተ። የውሻ መሪነት ለዓይን ይታያልና ለማመን አያስቸግርም ነበር።

ከስውር ደዌ ውሾች መካከል የስኳር ደዌ ያለበት ሰው ውሻ ሥራው በአብዛኛው በአፍንጫው ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ተኝቶ ሳለ የደሙ ስኳር ቢወርድ ላብ ያጠምቀዋል፣ ልቡም ይደልቃል፤ ደዌው ዘመን ያስቆጠረ እንደ ሆነ ግን እነዚህ ምልክቶች ይደበዝዙና ሰውየው ሳያውቀው ወደ ሰመመን ሊወርድ ይችላል። በዚያች ሰዓት ከአልጋው ግርጌ የተኛው ውሻ ተነሥቶ እጁን በአፍንጫው ይገፋል፤ ካልነቃለት ብርድ ልብሱን ይጎትታል፤ ሲነቃም የስኳር መለኪያውን ከረጢት በጥርሱ ይዞ ያመጣል፤ ባለቤቱ ጣቱን ወግቶ፣ ቁጥሩን አይቶ፣ ጭማቂውን እስኪጠጣ ድረስም ከአጠገቡ አይርቅም። በ2019 የታተመ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ጥናት 27 እንዲህ ያሉ ውሾችን ተከታትሎ፣ የመካከለኛው ውሻ ውጤት ስኳር ከወረደባቸው 100 ጊዜያት 83ቱን ማስታወቅ መሆኑን አገኘ፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ የአሜሪካ ጥናት ግን ያገኘው 36 ብቻ ነበር። እንግዲህ ሥልጠናውና ክትትሉ ይወስናል ማለት ነው፤ መለኪያውን ጥሎ በውሻው ብቻ መታመንም አይገባም።

የወታደሩ ውሻ ደግሞ ከቅዠት ይቀሰቅሰዋል፤ በገበያ ሰልፍ ላይም ከኋላው ቆሞ ሰው ሳይታወቀው እንዳይጠጋው ይከለክልለታል።

በ1990 የተፈረመው የአካል ጉዳተኞች ሕግና ከ2011 ጀምሮ የጸናው ደንቡ ለምግብ ቤትና ለሱቅ ባለቤት የፈቀዱለት ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም ውሻው ስለ ጉዳተኝነት የሚያስፈልግ ነውን? የሠለጠነበትስ ተግባር ምንድር ነው? ደዌው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ፣ ወረቀት ማስቀረብ፣ ውሻውንም ሥራህን አሳየን ማለት የተከለከለ ነው። እንደ እኔ አስተያየት የሕጉ ጥበብ በዚህ ላይ ነው፤ ምስክርነቱን ከሰውየው ገላ አንሥቶ በውሻው ተግባር ላይ አኖረው። አጠገብ በመሆኑ ብቻ የሚያጽናና ውሻ ከዚህ ማዕርግ አይገባም። በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያንና መልአኩ ሩፋኤልን የተከተለው ውሻ እንኳ፣ ምን እንደ ሠራ ስላልተጻፈለት፣ በዚህ ደንብ ቢመዘን አገልጋይ አይባልም ነበር።

ነገሩ እኛንም ይነካል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ምግብ ቤት የከፈቱና ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ ያደግነውም የተባረረን ሰው «ቤተ ክርስቲያን እንደ ገባ ውሻ» በሚል ቋንቋ ነው። ነገር ግን በትርም ምርኩዝም ያልያዘች ወጣት ውሻዋን አስከትላ ብትገባ፣ ፍርሃትም ሆነ የውሻ ጠጕር አለርጂ ለመከልከል ምክንያት አይሆንም፤ ውሻው ከቁጥጥር የወጣ ወይም የሚያቆሽሽ እንደ ሆነ ግን አስወጡልኝ ማለት ይቻላል።

ይኸው የፌዴራል ሕግ የአምልኮ ቤቶችን ከግዴታው ነጻ አድርጓቸዋል። ስለ ሆነም ያች ወጣት እሑድ ጧት ነጠላዋን አጣፍታ ከነውሻዋ ከደጀ ሰላም ብትደርስ፣ መልሱ የሚጠበቀው ከዳኛ ሳይሆን ከካህናቱና ከሰበካ ጉባኤው ነው፤ እርሷ መጥታ በር ላይ ሳትቆም አስቀድመው ቢመክሩበት መልካም ነው።