ሳይፈረድበት ባለዕዳ፦ ቴዎዶር ሁክና የሞሪሸስ ካዝና

እንግሊዝ ሞሪሸስን ከፈረንሳይ የነጠቀችው እ.ኤ.አ. በ1810 ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የደሴቲቱን ካዝና እንዲጠብቅ የተላከው ሰው የ25 ዓመት የለንደን ቀልደኛ ነበር። ቴዎዶር ሁክ ተውኔት ይደርሳል፤ ፒያኖ ላይ እንደተቀመጠ ግጥም ይደረድራል፤ በሐሰተኛ ደብዳቤ የከተማውን ነጋዴ ሁሉ በርነርስ ጎዳና አንዲት ሴት ደጅ ላይ ያሰለፈውም እሱ ነው። ሒሳብ ግን አያውቅም። እንደራሴው ልዑል ወደደው፤ በዓመት ወደ 2,000 ፓውንድ የሚጠጋ ደመወዝ ያለው ሹመትም አገኘ።

ማዕረጉ ዋና ሒሳብ ሹምና ገንዘብ ያዥ ነው፤ ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። መዝገቡን የሚጽፈውና ቁልፉን የሚይዘው አንድ ሰው ከሆነ፣ ጉድለቱን የሚያጋልጠው ወይ ራሱ ነው ወይ የበታቹ። በሞሪሸስ ያጋለጠው የበታቹ ነበር። አገረ ገዢው ፋርኳር በ1817 ወደ እንግሊዝ ሲሄድ ካዝናው ተቆጥሮ ትክክል ነው ተባለ። ብዙም ሳይቆይ አንድ የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ለተጠባባቂው ገዢ ለጄኔራል ሆል የሒሳብ ጉድለት እንዳለ በደብዳቤ አስታወቀ። ምርመራው ሳይቋጭም የራሱን ሕይወት አጠፋ። ገንዘቡን የወሰደው እሱ ራሱ ነው የሚሉ አሉ፤ የሞተ ሰው ግን መስቀለኛ ጥያቄ አይመልስም። በእኔ ግምት፣ በርክክቡ ጊዜ «ሙሉ ነው» ያሉት ቆጣሪዎችም ቢያንስ እኩል ጥያቄ ይገባቸው ነበር።

ሁክ በ1818 ተይዞ፣ ንብረቱም ተወስዶበት በመርከብ ወደ እንግሊዝ ተላከ። በመንገድ ላይ «ጤናህ ታውኮ ነው ወይ የምትመለሰው?» ቢባል፣ ደረቱ ላይ አንድ እክል አለ እንደሚሉ መለሰ ይባላል። በእንግሊዝኛ ደረትና የገንዘብ ሣጥን የሚጠሩበት ቃል አንድ ነው። ታሪኩ እስከ ዛሬ ሲነገር የኖረው በዚህች ቀልድ መሆኑ ያሳዝናል፤ ቁም ነገሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነውና።

ለንደን ሲደርስ በወንጀል የሚያስከስስ ማስረጃ አልተገኘበትም። እምነት አጉድሏል ለማለት መውሰዱን ማስረዳት ያስፈልጋል። የሒሳብ መርማሪዎቹ ቦርድ ግን ሌላ መንገድ ነበረው። የመንግሥት ገንዘብ የተረከበ ሹም ሒሳቡን አወራርዶ እስኪሰናበት ድረስ ባለዕዳ ነው፤ ማን ወሰደው የሚለው ጥያቄ ዕዳውን አያነሳለትም። በወንጀል ችሎት ከሳሽ ላይ የሚወድቀው የማስረዳት ሸክም እዚህ ወደ ገንዘብ ያዡ ይዞራል። ምርመራው ዓመታት ፈጅቶ 12,000 ፓውንድ ገደማ በሁክ ስም ተመዘገበ። በ1823 እንደ ዘውዱ ባለዕዳ ታሰረ፤ በ1825 ሲለቀቅም ዕዳው አልተሰረዘለትም።

ይህ ሥርዓት ጨካኝ ቢመስልም ምክንያት አለው፦ ወራት የመርከብ ጉዞ በሚፈጅ ርቀት ላይ ያለን ሹም በቅርብ መቆጣጠር አይቻልም፤ የቀረው መያዣ ሹሙ ራሱ ነው። ይሁን እንጂ ሒሳብ የማያውቀውን ሰው በወዳጅነት የሾመውን እጅ አይነካም። ሁክም ቢሆን ንጹሕ ተበዳይ አልነበረም። ጆን ቡል የተባለውን ጋዜጣ እያዘጋጀና ልቦለድ እየጻፈ ብዙ ገንዘብ ሲያገኝ ለዕዳው ለመክፈል አልሞከረም፤ ግብዣውን ግን አላቋረጠም።

ነሐሴ 1841 ሲሞት ዘውዱ የቀረውን ንብረት ወሰደ። ለልጆቹ ወዳጆቹ መዋጮ አሰባሰቡ።