የሕፃኑ ደም እና የማሽኑ ውሃ፦ የአንድ ማጣሪያ ታሪክ



የሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ዘወትር የሚተረከው በቀዶ ሐኪሞች ስም ነው። እኔ ግን ዛሬ በአንድ አነስተኛ የደም ማጣሪያ በኩል ልተርከው እሻለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1953 ጆን ጊቦን በፊላደልፊያ የልብንና የሳንባን ሥራ በሚተካ ማሽን ታግዞ የአንዲት የ18 ዓመት ወጣትን ልብ ከፍቶ ጠገነ። በተከታዩ ዓመት ዋልተን ሊለሃይ በሚኒሶታ የሕፃናትን የደም ዝውውር ከወላጆቻቸው ጋር እያገናኘ ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ ወላጅ ለልጁ ማሽን ሆነ። ዘዴው ሁለት ነፍስ በአንድ ጊዜ ለአደጋ ያጋልጥ ስለነበር ቦታውን ለማሽኑ ለቀቀ።

ማሽኑም የራሱን ዕዳ ይዞ መጣ። ቱቦዎቹ አስቀድመው በፈሳሽ መሞላት አለባቸው። 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን ያለው ደም 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ የቀደሙት ማሽኖች መሙያ ፈሳሽ ከዚህ ሊበልጥ ይችል ነበር። ስለዚህ ደሙ ይቀጥናል፤ ትርፉ ፈሳሽም ከደም ሥር እየወጣ ልብንና ሳንባን ያሳብጣል። ልቡ በሚገባ ተጠግኖ ሳለ ሕፃኑ በእብጠት ይዳከማል።

መፍትሔው ለኩላሊት ሕሙማን ከሚያገለግለው ማጣሪያ ጋር የሚዛመድ ነበር። ስስ ሽፋኑ ውሃንና ጥቃቅን ሞለኪውሎችን ያሳልፋል፤ የደም ሴሎችንና ትላልቅ ፕሮቲኖችን ያስቀራል። ሆኖም ማሽኑ እየሠራ ሳለ ብዙ ፈሳሽ ከተቀነሰ የሚያዘዋውረው ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1991 በለንደኑ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሆስፒታል ማርቲን ኤሊየትና ባልደረቦቹ ሰዓቱን ለወጡት፤ ሕፃኑ ከማሽኑ እርዳታ ተላቅቆ ልቡ በራሱ ሲመታ፣ ደሙን ለ10 ደቂቃ ያህል አጣርተው መለሱለት። ደሙ ወፈረ፣ ግፊቱ ተሻሻለ፣ እብጠቱ ቀነሰ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት ሕፃናትን ለዓመታት ወደ ውጭ ሲልክ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። ከዚህ ከመርሳ ልጁን ይዞ የሚነሣ ወላጅ እዚያ ለመድረስ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ከደረሰም በኋላ ተራ ይጠብቃል። ማጣሪያውና ቱቦው ደግሞ ለአንድ ሕፃን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግሉ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ ዕቃዎች ናቸው።

ስለዚህ የሕክምናን ታሪክ የምታጠኑ ተማሪዎች፣ ከፈጠራው ዓመት ጎን የዕቃ ግዥውንና የተራ ጥበቃውን መዝገብ አብራችሁ እንድትመረምሩ እመክራለሁ። አንድ ዘዴ ለማንና መቼ እንደ ደረሰ የሚነግሩን እነዚያ መዝገቦች ናቸውና።