ብግነት ለምን አይበርድም? የኤ20 ፕሮቲን የመግታት ሚና ሥር በሰደዱ በሽታዎች

ብግነት ሰውነት ተሕዋስያንን የሚመክትበት ምላሽ ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ ግን መብረድ አለበት። ሥር በሰደዱ የብግነት በሽታዎች ምርምሩ ለረጅም ጊዜ ያተኮረው በቀስቃሹ ላይ ነበር። የማብረጃው ሥርዓት መዳከም እኩል ትኩረት ይገባዋል።

ቲኤንኤፍ የተባለው ፕሮቲን በሕዋሱ ገጽ ላይ ካለው ተቀባዩ ጋር ሲጣበቅ፣ በውስጥ በኩል ሪፕ1 በተባለ ፕሮቲን ላይ የዩቢኩዊቲን ሰንሰለት ይቀጠላል። ወደ ሰንሰለቱ የሚሰበሰቡ ኢንዛይሞች አይ-ካፓ-ቢ የተባለውን ገቺ ፕሮቲን ለመፍረስ ይዳርጉታል። በእርሱ ታስሮ የቆየው ኤንኤፍ-ካፓ-ቢ ያኔ ወደ ኒውክለስ ዘልቆ የብግነት ጂኖችን ያስነሳል። እጅግ የሚደንቀው ከሚነሱት ጂኖች መካከል የአይ-ካፓ-ቢ እና የኤ20 ጂኖች መኖራቸው ነው፤ ምልክቱ የራሱን ገቺዎች ያስመርታል ማለት ነው።

ኤ20 የሌላቸው አይጦች ገና በጨቅላነታቸው በከባድ ብግነት እንደሚሞቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ታወቀ። በ2004 የወጣ ጥናት ኤ20 ከሪፕ1 ላይ አንዱን ሰንሰለት ቆርጦ ለመፍረስ የሚዳርገውን ሌላ ሰንሰለት እንደሚቀጥል አሳየ። ይህ ማብራሪያ ውብ ቢሆንም ሙሉ አይመስለኝም፤ የመቁረጥ ችሎታው ብቻ የተወገደባቸው አይጦች ያን ያህል አልታመሙምና። ከሰንሰለቱ ጋር መጣበቁ ራሱ ምልክቱን ሳይገታ አይቀርም።

በሰው ላይ ማስረጃው በ2016 መጣ። ከሁለቱ የኤ20 ጂን ቅጂዎች አንዱ ብቻ የተበላሸባቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ፣ በሚመላለስ የአፍና የብልት ቁስል እንዲሁም በትኩሳት ይሠቃያሉ። የመግቻው መጠን መቀነስ ብቻውን ያሳምማል።

ዛሬ ያለን ዋና መሣሪያ ግን ቲኤንኤፍን ራሱን ማገድ ነው። ኢንፍሊክሲማብ በ1998 በአሜሪካ ለክሮንስ በሽታ ተፈቅዶ ብዙዎችን ረድቷል። ሆኖም ቲኤንኤፍ የቲቢ ባክቴሪያን ከብቦ የሚይዘውን ግራኑሎማ አጽንቶ ስለሚያቆይ፣ መድኃኒቱ ስውር ቲቢን እንደሚቀሰቅስ በ2001 ተዘገበ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች ተርታ የመደባት አገር ናት። ስለዚህ እዚህ ፀረ-ቲኤንኤፍ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም አስቀድሞ ስውር ቲቢን ይመርምር፤ ከተገኘም መከላከያ ሕክምናውን ያስቀድም።