የባሕር መኮንን እንደ አስታራቂ፤ ሪር አድሚራል ኤስፓልዶንና የደቡብ ፊሊፒን ዓማፅያን

ከመንግሥት ጋር ሲዋጋ የነበረ ሰው መሣሪያውን አስረክቦ ወደ ቤቱ ቢመለስ፥ ያዋጋው ጉዳይ አብሮት ተመልሷል ማለት ይቻላልን? በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይህ ነው። ለምርመራችንም የመረጥነው የፊሊፒን ባሕር ኃይል መኮንን የነበሩትን የሪር አድሚራል ሮሙሎ ኤስፓልዶንን ሥራ ነው። ዘመኑ በተለይ ከ1972 እስከ 1980 ያለው ሲሆን፥ በጽሑፋችን የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አስቀድመን የአገሩን ሁኔታ በአጭሩ እንመልከት። ፊሊፒን ከ7000 በላይ ደሴቶች ያሏት አገር ስትሆን፥ አብዛኛው ሕዝቧ ካቶሊክ ነው። በደቡብ በኩል ግን በሚንዳናው፥ በሱሉና በታዊታዊ ብዙ ሙስሊሞች ይኖራሉ። በ16ኛው መቶ ዓመት የመጡት ስፓኞች እነዚህን ሙስሊሞች «ሞሮ» ብለው ጠሯቸው፤ ይህም ስፓኞች ለሰሜን አፍሪካ ሙስሊሞች የሰጡት ስም ነበር። ስፓኝ ሰሜኑን ከ300 ዓመት በላይ ስትገዛ ደቡቡን ግን ፈጽማ አላስገበረችውም። በእርሷ እግር የተተካችው አሜሪካ በ1899 ከሱሉ ሱልጣን ጋር የቤትስን ውል ተዋዋለች፤ በ1904 ግን ውሉን በገዛ ፈቃዷ አፈረሰችው። በ1906 ቡድ ዳሆ በሚባለው ተራራ ላይ የመሸጉ በመቶ የሚቆጠሩ ወንዶች፥ ሴቶችና ሕፃናት በአሜሪካ ወታደሮች ተገደሉ። እንግዲህ የሱሉ ሰው የማዕከላዊ መንግሥትን ቃል በጥርጣሬ የሚያይበት ምክንያት ከሩቅ የመጣ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ፊሊፒን በ1946 ነጻ ከወጣች በኋላ ጉዳዩ ይበልጥ የመሬት ጉዳይ ሆነ። ከሰሜን የመጡ ብዙ ሠፋሪዎች በሚንዳናው መሬት ያዙ። ሠፋሪው የባለቤትነት ወረቀት ሲያወጣ፥ አያት ቅድመ አያቱ ያረሱትን የሚያርሰው ሙስሊም ግን ወረቀት ስላልነበረው በገዛ አገሩ እንደ ባዕድ ተቈጠረ። በዚህ ላይ በ1968 በኮሬሂዶር ደሴት ለምሥጢር ዘመቻ ይሠለጥኑ የነበሩ ሙስሊም ወጣቶች በአሠልጣኞቻቸው ተገደሉ የሚለው ዜና ሲሰማ ቁጣው ተቀጣጠለ። በሴፕቴምበር 1972 ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ ወታደራዊ አገዛዝ አውጀው ሕዝቡ መሣሪያውን እንዲያስረክብ አዘዙ። በተከታዩ ወር በማራዊ ከተማ ዓመፅ ተነሣ። ትግሉን የመራው የሞሮ ብሔራዊ ነጻ አውጪ ግንባር ሲሆን፥ መሪው ኑር ሚሱዋሪ ቀድሞ በፊሊፒን ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነበሩ።

እንዲህ ባለው ጦርነት ውስጥ አንድ የባሕር ኃይል መኮንን ዋና ሰው የሆነው ስለ ምንድን ነው? መልሱ በካርታው ላይ ይገኛል። በሱሉና በታዊታዊ መንገዱ ባሕር ነው። ሕዝቡ ኩምፒት በሚባሉ የእንጨት ጀልባዎች ወደ ቦርኒዮ እየተመላለሰ ይነግዳል፤ ዘመዱም በወዲያኛው ዳር ይኖራል። ለዓማፅያኑ መሣሪያ የሚገባው፥ የጦርነቱ ስደተኞችም ወደ ሳባህ የሚሸሹት በዚሁ ባሕር ነበር። ስለዚህ ባሕሩን የያዘ መኮንን የሕዝቡን ጉሮሮ ጨብጧል ማለት ነው፤ ሊያንቀው ይችላል፥ ሊያስተነፍሰውም ይችላል። የኤስፓልዶን ቤተሰብ በሱሉ ደሴቶች የኖረ ስለ ነበር፥ ደቡቡ ለእሳቸው ባዕድ አገር አልነበረም። ታዊታዊ በ1973 ራሱን የቻለ አውራጃ ሲሆን የመጀመሪያው አገረ ገዢ ሆኑ። ዋና ሠፈሩ በዛምቦአንጋ የነበረው የደቡብ ዕዝ በ1976 ሲቋቋምም አዛዥነቱ ለእሳቸው ተሰጠ።

ከዚህ ላይ ሳንጠቅሰው የማናልፈው ነገር አለ። በፌብሩዋሪ 1974 ግንባሩ የሱሉን ዋና ከተማ ሆሎን ለመያዝ ገብቶ ነበር። ሠራዊቱ ከተማዪቱን ሲያስለቅቅ የባሕር ኃይል መርከቦች ከባሕር ተኰሱ፤ ከተማዪቱ አብዛኛዋ ተቃጠለች፥ ብዙ ሺህ ሕዝብም ቤት አልባ ሆነ። እንግዲህ በኋላ የዕርቅ እጅ የዘረጋው ክፍል ቀድሞ መድፍ የተኰሰው ክፍል ነበር። ስለ ዕርቁ ስንጽፍ ይህን ብንደብቅ ታሪክ ሳይሆን ውዳሴ በሆነ ነበር።

አድሚራሉ የታወቁበት ዘዴ «ሰውን የማቅረብ ፖሊሲ» ሊባል ይችላል። አካሄዱም ዓማፂውን በጫካ ከማሳደድ ይልቅ መልእክተኛና ዘመድ ልኮ ማነጋገር፥ ለሚገባውም ምሕረት፥ ሥራና መቋቋሚያ መስጠት ነበር። ከተመለሱት አንዳንዶቹ በሠራዊቱ ውስጥ እንዲገቡ፥ አንዳንዶቹም የአስተዳደር ሹመት እንዲያገኙ ተደርጓል። መንግሥትም በበኩሉ ዘዴውን የሚደግፉ ሕጎች አወጣ። በ1973 ከቦርኒዮ ጋር ይደረግ የነበረው የጥንት ንግድ ሕጋዊ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ለሙስሊሞች ጥቅም አማናህ የተባለው ባንክ ተቋቋመ፤ በ1977 የሙስሊሞች የጋብቻና የውርስ ሕግ ታወጀ። ከእነዚህ ሁሉ ለደሴቱ ሰው የቀረበው ንግዱ ይመስለናል። ትናንት ኮንትሮባንድ ተብሎ ያሳስረው የነበረ ዕቃ ዛሬ በግልጽ ሲራገፍ ያየ ባለ ጀልባ፥ ከመቶ ንግግር ይልቅ ያንን ያምናል።

ሆኖም የሰላሙ ትልቁ ጉዳይ የተወሰነው በባሕሩ ላይ ሳይሆን በሊቢያ ነው። በዲሴምበር 1976 በእስላማዊ ጉባኤ ድርጅት ሸምጋይነት የፊሊፒን መንግሥትና ግንባሩ የትሪፖሊን ስምምነት ፈረሙ። ስምምነቱ በ13 አውራጃዎች ራስን በራስ የማስተዳደር መብት የሚሰጥ ነበር። በጃንዋሪ 1977 ተኩስ ቆመ። ነገር ግን ፕሬዚዳንት ማርኮስ ስምምነቱ በሕዝብ ድምፅ መጽደቅ አለበት ብለው በኤፕሪል 1977 ድምፅ አሰጡ፤ ግንባሩ ይህን አልተቀበለም። 13ቱ አውራጃዎች በአንድነት የሚተዳደሩበት ሐሳብም ቀርቶ በምትኩ ሁለት ክልሎች ተቋቋሙ። ተኩስ ማቆሙ በዚያው ዓመት ፈረሰ።

የዚህን ዋጋ ከሁሉ አስቀድመው የከፈሉት በመስኩ ላይ የነበሩት አስታራቂዎች ናቸው። ኦክቶበር 10 ቀን 1977 ብርጋዴር ጄኔራል ቴዎዱልፎ ባውቲስታ ዑስማን ሳሊ ከተባለው የግንባሩ አዛዥ ጋር ስለ ሰላም ሊነጋገሩ ወደ ፓቲኩል ገበያ ሄዱ። በዚያም ጄኔራሉና አብረዋቸው የነበሩ ከ30 የሚበልጡ መኮንኖችና ወታደሮች ተገደሉ። ይህ የደረሰው በደቡብ ዕዝ ውስጥ በተሰማራ ክፍለ ጦር ላይ፥ የማቅረቡም ፖሊሲ በሥራ ላይ እያለ ነው። ወዲያውም ሠራዊቱ በሱሉ ከባድ ዘመቻ ከፈተ፤ በገበያው ላይ ያልነበረ ሰላማዊ ሕዝብም ዕዳውን ከፈለ።

ይሁን እንጂ ፖሊሲው በዚህ አላበቃም። በ1978 የግንባሩ ምክትል መሪ አቡል ኻይር አሎንቶ፥ በ1980 የኮታባቶው መሪ አሜሊል ማላጊዮክ ወደ መንግሥት ገቡ። ኤስፓልዶንም በ1981 የተቋቋመውን የሙስሊሞች ጉዳይ ሚኒስቴር መርተዋል፤ ኋላም በሳውዲ ዓረቢያ የአገራቸው አምባሳደር ሆነው አገልግለዋል።

ስለ ሥራቸው ሁለት ዓይነት ፍርድ ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው፥ እያንዳንዱ የተመለሰ ሰው የተረፈ ነፍስ ነው፤ በዚህ ጦርነት በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሰው አልቋልና፥ ትንሹንም ዕርቅ መናቅ አይገባም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ ፖሊሲው አለቆቹን አንድ በአንድ በመለየት ግንባሩን አዳከመ፤ መንግሥትንም የትሪፖሊን ቃል ከመፈጸም አሳረፈው የሚል ነው። እኛ ሁለቱም እውነትነት እንዳላቸው እናምናለን። ስሕተቱ ሰውን በማቅረቡ ላይ አልነበረም፤ ሰውየው ከቀረበ በኋላ የመጣበት ጉዳይ በደጅ በመቅረቱ ነው። የአገራችን ሰው «ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት» እንደሚለው፥ የመሬቱና የአስተዳደሩ ቅሬታ ሳይነካ የተደረገ ዕርቅ ራሱን ሲያጋልጥ ብዙ አልቆየም።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ይህን ያረጋግጣል። ከሚሱዋሪ ግንባር የተለዩት ሐሺም ሳላማት የሞሮ እስላማዊ ነጻ አውጪ ግንባርን መሠረቱ፤ ጦርነቱም ለልጆች ተላለፈ። መንግሥት በ1996 ከሚሱዋሪ ጋር፥ በ2014 ከሁለተኛው ግንባር ጋር ስምምነት መፈረም ግድ ሆነበት፤ በ2019ም የባንግሳሞሮ ራስ ገዝ ክልል ተመሠረተ። ሱሉ ግን በሕዝብ ድምፅ እምቢ ብላ ስለ ነበር፥ በ2024 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ከክልሉ ውጭ ሆናለች። በትሪፖሊ ከተፈረመው ቃል እስከ ክልሉ መመሥረት ከ40 ዓመት በላይ አልፏል።

እንግዲህ በመነሻችን ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን የሚከተለው ነው። አንድ ደግ መኮንን ተዋጊውን ከጫካ ሊያወጣው ይችላል፤ ይህም ትልቅ ሥራ ነው። ያዋጋውን ጉዳይ ከጫካ የሚያወጣው ግን የፈረመውን የሚያከብር መንግሥት ብቻ ነው። አድሚራሉ በባሕሩ ላይ የከፈቱት በር፥ በዋናው ከተማ የሚከፍተው አጥቶ ለብዙ ዘመን ገርበብ እንዳለ ቀረ።