የእናቴ ወረንጦ

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ አንድ ዕዳ ልክፈል። «በትራኮማ ዓይን የሚያጠፋው ተህዋሲው ነው» እያልኩ አስተምሬያችኋለሁ። ግማሽ እውነት ነበር።

ልጅ ሆኜ እናቴ ወረንጦ ግዛ ብላ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ትልከኛለች። ጫፉ ካልገጠመ ታስመልሰኛለች። እሾህ ማውጫ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ወደ ውስጥ የተቀለበሰ የዓይን ፀጉሯን ነበር የምትነቅልበት።

የተህዋሲው ምልክት በአጉሊ መነጽር የታየው በ1907 እ.ኤ.አ. ጃቫ ደሴት ላይ ነው። በ1950ዎቹ ቻይናዊው ታንግ ፌይፋን ላቦራቶሪ ውስጥ አራባው። በ1960ዎቹ ክትባት ኢትዮጵያን ጨምሮ በተለያዩ አገሮች ተሞከረ። ጥበቃው ግን አልዘለቀም። እንዲያውም ተከትበው እንደገና የተያዙ ጦጣዎች ላይ የዓይን ብግነቱ ብሶ የታየበት ጊዜ ነበር።

ለምን? ሌባ አባርራለሁ ብሎ ሱቁን የሚሰባብር ዘበኛ አስቡ። ተህዋሲው በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ደጋግመው ይዘምታሉ። የዓይን ሽፋኑ ውስጡ ይቆስላል፣ ይጠብሳል። ጠባሳው ሲኮማተር ሽፋኑን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ፀጉሩም ዓይኑን እየፋቀ ያጠፋዋል። እዚሁ አገራችን ጠባሳ ያለባቸውን አዋቂዎች የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ተህዋሲው እምብዛም ሳይገኝ ብግነቱ ቀጥሎ ጠባሳው ሲብስ አይተዋል። ሌባው ከሄደ ቆይቷል፤ ዘበኛው ግን ዱላውን አላስቀመጠም።

አንጎልና ሬቲናም የራሳቸው ዘበኛ አላቸው፤ ማይክሮግሊያ ይባላል። ስፔናዊው ሆርቴጋ በ1919 ለይቶ ስም ሰጠው። ዛሬ በአልዛይመርና በእርጅና በሚመጣ የሬቲና መድከም ላይ የሚጠየቀውም ይኸው ነው፦ ጠባቂው መቼ ነው አጥፊ የሚሆነው?

በ1998 ዓ.ም. ግድም በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ 100 ልጆች 40ው ገደማ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ አማራ ክልል ከ60 በላይ። መድኃኒቱና ፊት መታጠቡ እነዚያን ልጆች ያድናል። የቆየ ጠባሳን ግን አይፈታም።

እናቴን ሐኪም «ሽፋኑ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል» ሲላት እኔን ጠየቀችኝ። «ቅባቱ ተህዋሲውን ገድሎታል፣ ምን ያስቆርጥሻል?» አልኳት። አስተማሪው ልጇ ነኝና አመነችኝ። ቀኝ ዓይኗ ጠፋ።

እባካችሁ፣ ቤታችሁ ወረንጦ ከመስታወት አጠገብ የምታስቀምጥ እናት ካለች «ለምንድነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀዶ ጥገናው ትንሽ ነው፤ በዕለቱ ቤቷ ትመለሳለች። እኔ ያልኩትን አትበሏት።